ዝንብ ስትወልድ፦ የፓዌን እንስሳት በሦስት ጥያቄ መመደብ

ክረምት ሲገባ ፓዌ ላይ ቀድመው ከሚታዩት ነገሮች አንዱ አሸን ነው። ዝናብ በጣለ ማግሥት፣ አመሻሹ ላይ ከመሬት ይፈላል፤ አምፖል የበራበት በረንዳ ሁሉ ይሞላል። ጠዋት ዶሮዎቹ ሲለቅሙት፣ የረገፈው ክንፍ ደግሞ በመጥረጊያ ሲሰበሰብ ይታያል። ክንፍ ያወጣ ጉንዳን የሚመስለው ሰው አይጠፋም። አሸን ግን ምስጥ ነው፤ ምስጥ ደግሞ የጉንዳን ሳይሆን የበረሮ ዘመድ ነው። ጉንዳን በበኩሉ ወገኑ ንብና ተርብ ናቸው። ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ፣ በመጠን እየተቀራረቡ፣ ሁለቱም በንግሥት ዙሪያ እየተደራጁ ይህን ያህል መራራቃቸው የሚታወቀው ቀረብ ብሎ ላያቸው ሰው ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ቀረብ ብሎ የማየት ዘዴ ለተማሪም፣ ለአስተማሪም፣ ከብት ለሚያረባ ገበሬም እንዲሆን አድርጎ ያቀርባል። ዘዴው በሦስት ጥያቄዎች የቆመ ነው፦ የእንስሳው አካል እንዴት ተሠርቷል? ከልጅነት እስከ ጉልምስና እንዴት ያድጋል? እንዴትስ ይራባል? ቅደም ተከተሉን ማፋለስ አይገባም። አብዛኛው ሰው ከመጨረሻው ይጀምርና «ይወልዳል ወይስ እንቁላል ይጥላል?» ብሎ በመልሱ ይመድባል። ከሦስቱ ጥያቄዎች እጅግ አሳሳቹ ይኸው ነው።

ፓዌ ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በበለስ ወንዝ ተፋሰስ፣ ከባሕር ወለል 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋች ቆላ ነች። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ ሰፋሪዎች ደጋ ላይ አይተውት የማያውቁት እንስሳ ብዙ ነበር። የማያውቁት የከብት በሽታም ጠበቃቸው፤ ገንዲ። ገንዲን ከከብት ወደ ከብት የምታዞረው የቆላ ዝንብ ሦስቱን ጥያቄዎች ለመፈተን ከእሷ የተሻለ እንስሳ ስለማይገኝ ወደ መጨረሻው ላይ ትመጣለች።

ለመነሻ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ አናቱ የተቆረጠ ሃይላንድ፣ ነጭ ሳህን፣ ደብተርና እርሳስ። ማጉያ መነጽር ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘ በሞባይል ካሜራ አስጠግቶ ማንሳት ይበቃል። እባብ፣ ጊንጥና የሌሊት ወፍ በእጅ አይነኩም። አሁን የተገደለ እባብ እንኳ ሊነድፍ ይችላል። ኩሬና ቦይ ውስጥ በባዶ እግር መግባትም ክልክል ይሁን፤ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ቀስ ብሎ የሚሄድ ወይም የቆመ ውሃ ይወዳሉ። ጭልፋ በረጅም እንጨት ላይ አስሮ መቅዳት ይበቃል።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲያነሱ ቀለምንና መጠንን ይተዉ፤ ቀለም እንደማይታመን እስስት ምስክር ናት። አጥንት ይፈልጉ። በጀርባው በኩል አከርካሪ ያለው ደንደሴ ይባላል፣ የሌለው ኢደንደሴ። ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ እባብ፣ ወፍና አጥቢው ሁሉ በመጀመሪያው ጎራ ይጠቃለላሉ። በዓለም ላይ ስም ከወጣላቸው የእንስሳት ዝርያዎች ግን ከመቶ ዘጠና አምስቱና ከዚያም በላይ አከርካሪ የላቸውም። ስለዚህ ፓዌ ላይ ድንጋይ ገልብጦ የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ኢደንደሴ ነው።

ኢደንደሴ ከሆነ እግሩን ይቁጠሩ። ስድስት እግር ኖሮት አካሉ ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ከተከፈለ ነፍሳት ውስጥ ይገባል። ስምንት እግር ካለው የሸረሪት፣ የጊንጥና የመዥገር ወገን ነው፤ እነዚህ አንቴናም ክንፍም የላቸውም። ከዚያ የሚበልጥ እግር ካለው አካሉ በብዙ ቀለበት የተከፋፈለ መሆኑን ይመልከቱ። በየቀለበቱ አንድ ጥንድ እግር ያለው ፈጣንና መርዘኛ አዳኝ ነው፤ ሁለት ሁለት ጥንድ ያለው ደግሞ ሲነካ የሚጠቀለለው፣ ብስባሽ የሚበላው ዘገምተኛ ነው።

እግር የሌለው ላይ ሲደርሱ ጊዜ ይውሰዱ። የኮሶ ትል ጠፍጣፋ ነው፤ አፍም አንጀትም ስለሌለው በሰው አንጀት ውስጥ ሆኖ ምግቡን በቆዳው ይመጥጣል። ወስፋት ድቡልቡል ሆኖ ሁለት ጫፎቹ የሾሉ ናቸው፤ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የተዘረጋ አንጀት አለው፤ ሰውነቱ ላይ ግን ቀለበት የለም። የምድር ትል ከራስ እስከ ጅራት በቀለበት የተከፋፈለ ነው። አልቅትም ከእሱ ወገን ናት። እነዚህ ሦስቱ ለየቅል የሆኑ ታላላቅ ክፍሎች ናቸው። በበቆሎ እምብርት ውስጥ ተወሽቆ የሚገኘው ተምች ደግሞ ከነጭራሹ ከነዚህ አይመደብም፤ ገልበጥ ቢያደርጉት ከደረቱ ሥር ሦስት ጥንድ እውነተኛ እግር ይቆጠራል። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የዋይ ፊደል የመሰለ ነጣ ያለ መስመር፣ ወደ ጅራቱም አራት ነጠብጣቦች በካሬ ተቀምጠው ካዩበት በ2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው የአሜሪካ ተምች ነው። ነገ የእሳት እራት ሆኖ የሚበር ነፍሳት ነው እንጂ ትል አይደለም።

ደንደሴዎቹን ለመለየት የቆዳ ልብስ ይበቃል ማለት ይቻላል፦ ጸጉር ያለው አጥቢ፣ ላባ ያለው ወፍ፣ ደረቅ ቅርፊት ያለው ተሳቢ፣ እርጥብና ራቁት ቆዳ ያለው እንቁራሪትና ጉርጥ፣ ክንፊትና ስንጥብ ያለው ዓሣ። አንዳንዱ ግን ያስቸግራል። በበለስ አካባቢ የሚጠመደው አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ከውሃ ወጥቶም ለረጅም ሰዓት አይሞትም፤ ከአየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል አለው። ያም ሆኖ ስንጥቡና ክንፊቱ ዓሣ ነው ይላሉ። የሌሊት ወፍ ላባ የላትም፤ ጸጉርና ጥርስ አላት፤ ክንፏ በረጃጅም የእጅ ጣቶቿ መካከል የተወጠረ ቆዳ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ከአእዋፍ ጋር ይዘረዝራታል። ዘመናዊውን አመዳደብ የጀመረው ስዊድናዊው ሊኒየስም በ1758 እ.ኤ.አ. ከሰውና ከዝንጀሮ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ጨምሯት ነበር። ዛሬ የራሷ ክፍል አላት።

ኦሪት ከተነሳ፣ በአካል አሠራር መመደብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። «ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ» የሚለው መለኪያ በየቤቱ ይሠራበታል፤ የእግርንና የጨጓራን አሠራር ነው የሚጠይቀው። ላም፣ በግ፣ ፍየልና አጋዘን ሁለቱንም ያሟላሉ። ከርከሮና አሳማ ሰኮናቸው ስንጥቅ ቢሆንም አያመሰኩም። ግመል ያመሰኳል፤ የሚራመደው ግን በለስላሳ የእግር መዳፍ ነው፤ የእንስሳት ሳይንስም ከነላም ለይቶ በራሱ ቅርንጫፍ ያስቀምጠዋል። ሽኮኮ መንጋጋዋን ስለምታንቀሳቅስ የምታመሰኳ ትመስላለች፤ የቅርብ ዘመዷ ግን ጥንቸልም ፍየልም ሳይሆን ዝሆን ነው። ይህን ለማመን የሚቸገር ሰው እርግዝናዋን ይመልከት፤ ጥንቸል በወር ገደማ ስትወልድ በመጠን ብዙም የማትበልጣት ሽኮኮ ሰባት ወር ያህል ትሸከማለች።

ይህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ዕድገት ያሻግራል። አካሉ ያላስታወቀውን ዕድገቱ ያስታውቃል፤ ለዚህም ከኩይሳ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ጠዋት ጸሐይ ሳይበረታ የኩይሳውን ጠርዝ በዶማ ጫፍ ትንሽ ይሸርፉ። ወታደሮቹ ትልልቅ ራሳቸውን አስቀድመው ይወጣሉ፤ ሠራተኞቹ አፋቸው ውስጥ እርጥብ አፈር ይዘው ቀዳዳውን መድፈን ይጀምራሉ። በተሸረፈው አፈር ላይ ነጫጭ ልጆች ይታያሉ። ልብ ይበሉ፦ ልጆቹ ትንንሽ ምስጦች ናቸው። ስድስት እግር አላቸው፣ ይራመዳሉ፣ አንቴናም አላቸው። ከእንቁላል የወጡት በዚሁ መልክ ነው፤ ቆዳቸውን እየጣሉ ያድጋሉ እንጂ ቅርጻቸው አይገለበጥም። ይህ ከፊል ለውጥ ይባላል።

ቀጥለው ከድንጋይ ሥር የጉንዳን ጎጆ ይፈልጉ። ድንጋዩ ሲነሳ ጉንዳኖቹ እየተራወጡ በአፋቸው የሚያሸሹት ነጭ ነገር እንቁላል ይመስላል፤ አብዛኛው ግን እግር የሌለው እጭና የማይንቀሳቀስ ፑፓ ነው። እጩ ራሱን ችሎ መብላት እንኳ አይችልም፤ እህቶቹ ያጎርሱታል። ፑፓው ውስጥ የእጩ አካል ፈርሶ እንደገና ይሠራና ጉንዳን ይወጣል። ይህ ሙሉ ለውጥ ነው። ንብ፣ ቢራቢሮ፣ ጥንዚዛ፣ ዝንብና ቢምቢ በዚሁ መንገድ ያልፋሉ። ከዚህ በኋላ ጎልማሶቹን ጎን ለጎን ማየት ማረጋገጫ ብቻ ነው፦ ጉንዳን ወገቡ ቀጭን፣ አንቴናው እንደ ክርን የታጠፈ ነው፤ የምስጥ ወገብ ወፍራም፣ አንቴናው ቀጥ ያለ ነው። የአሸን አራት ክንፎች እኩል ናቸው፤ የክንፋም ጉንዳን የፊት ክንፎች ግን ከኋለኞቹ ይበልጣሉ።

አንበጣ ከምስጥ ጋር በከፊል ለውጥ ይመደባል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ አገሪቱን ሲያጥለቀልቅ በብዙ ቦታ የታየው ክንፍ የሌለው ኩብኩባ የአንበጣው ልጅ እንጂ ሌላ ዝርያ አይደለም። ክንፍ እስኪያወጣ አምስት ጊዜ ያህል ቆዳውን ይጥላል፤ የመርጨት ሥራ ክንፍ ሳይወጣ ቢደረግ የሚቀለውም ለዚህ ነው።

መዥገር ደግሞ እግር ቆጣሪን ታሳስታለች። ከእንቁላል የወጣችው ትንሿ መዥገር ስድስት እግር ብቻ ነው ያላት። በዚያ ዕድሜዋ ያገኛት ሰው ነፍሳት ብሎ ሊመዘግባት ይችላል። ደም ጠጥታ ቆዳዋን ስትጥል ግን ስምንት ይሞላል። አንቴና መኖሩን ማየት እዚህ ላይ ያድናል፤ መዥገር በየትኛውም ዕድሜዋ አንቴና የላትም።

የቆመ ውሃ ባለበት በጭልፋ ቀድተው ነጭ ሳህን ላይ ያፍስሱና ጥቂት ዝም ብለው ይጠብቁ። የሚወራጩት የቢምቢ እጮች ናቸው። ውሃው ገጽ ላይ ጋደም ብሎ፣ ከገጹ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚያርፈው የወባ ትንኝ እጭ ነው፤ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ በጅራቱ ባለ መተንፈሻ ቱቦ የሚንጠለጠለው ሌላ ዓይነት ቢምቢ ነው። ጎልማሶቹን በጨለማ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ሲሆን እጮቹ ግን በቀን ብርሃን ራሳቸውን ያጋልጣሉ። እዚያው ሳህን ላይ የእንቁራሪት ጅራታም ልጅ ከተገኘ በሌላ ሃይላንድ ውስጥ ከኩሬው ውሃ ጋር ያቆዩት፦ መጀመሪያ የኋላ እግሮቹ ይወጣሉ፣ ቀጥሎ የፊቶቹ፣ በመጨረሻም ጅራቱ ይጠፋል። የእንቁራሪት ወገን ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል የሚለው ሕግ ግን ፍጹም አይደለም። በባሌ ተራሮች ብቻ የምትኖር አንዲት ትንሽ ጉርጥ እንቁላሏን የምታኖረው ውሃ ውስጥ ሳይሆን እርጥብ መሬት ላይ ነው።

አሁን ሦስተኛው ጥያቄ፣ መራባት። ይህ ጥያቄ የሚጠቅመው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከተመለሱ ብቻ ነው። እፉኝትን ይውሰዱ። ልጆቿ ሆዷን ቀደው እንደሚወጡ፣ እናታቸውንም እንደሚገድሉ የሚነገረውን አገር ያውቀዋል። እውነቱ ግን እፉኝት እንቁላሎቿን ሆዷ ውስጥ አቆይታ ልጆቹን በመውለጃዋ በኩል በሰላም ትወልዳለች፤ አትሞትም። ከኬንያ የተወሰደች አንዲት እፉኝት በቼክ አገር መካነ እንስሳት ውስጥ በአንድ ጊዜ 156 ልጆች መውለዷ ተመዝግቧል። መውለዷ ግን አጥቢ አያደርጋትም፤ ጸጉር የላት፣ ጡት የላት። በአንጻሩ አውስትራልያ ውስጥ እንቁላል የሚጥሉ አጥቢዎች አሉ።

ጊንጥም ትወልዳለች፤ ነጫጭ ልጆቿን የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪጥሉ በጀርባዋ ታዝላለች። ቆሮሶ የተባለችው ዓሣ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ በዚያ ጊዜ መብላት ስለማይሆንላት ትከሳለች። አርጃኖ ከሁሉም ብልጥ ናት፦ ዝናብ ያራሰውን ኩይሳ ጎን ቆፍራ እንቁላሎቿን ውስጡ ትጥልና ትሄዳለች። ቀዳዳውን የሚደፍኑላት ምስጦቹ ናቸው፤ ሙቀቱንና እርጥበቱንም ያው ኩይሳው ይጠብቅላታል። አዞ በተቃራኒው ጎጆዋን ትጠብቃለች፣ የተፈለፈሉትንም በአፏ ይዛ ወደ ውሃ ታደርሳለች። የጫጩቱ ፆታ የሚወሰነው በጎጆው ሙቀት ነው። አዞን ከእንሽላሊት ይልቅ ለወፍ የሚያቀርቡት አሉ ቢባል የሚገረም ይኖራል፤ ነገር ግን ልቡ እንደ ወፍ አራት ክፍል ያለው ሲሆን ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት የቅርብ ዘመዶቹ ወፎች ናቸው።

ወተትም ቢሆን ብቻውን አይታመን። የእርግብ ጫጩት ዕውርና ራቁት ሆኖ ይፈለፈላል፤ እናትም አባትም ከጉሮሯቸው በታች ባለው የምግብ ከረጢት ውስጥ የሚመነጭ ወተት መሰል ነገር ያጎርሱታል። የቆቅና የጅግራ ጫጩት ግን በተፈለፈለ ቀን ራሱ ይሮጣል። ንብ ውስጥ ደግሞ ድንጉላ አባት የለውም፤ ንግሥቲቱ ካልተዳቀለ እንቁላል ታስገኘዋለች። የምድር ትል በአንድ አካል ወንድም ሴትም ነው፤ ያም ሆኖ ሁለት ሆነው ይገናኛሉ።

ወደ ቆላ ዝንብ እንመለስና በሦስቱም ትፈተን። አካል፦ ስድስት እግር፣ ሦስት የአካል ክፍል፣ አንድ ጥንድ ክንፍ። አንድ ጥንድ ብቻ መሆኑ ከዝንብና ከቢምቢ ጋር ያስመድባታል። የምትናደፍበት አፏ ከፊቷ ቀጥ ብሎ ወደፊት የወጣ ነው፤ ስታርፍ ክንፎቿን እንደተዘጋ መቀስ አንዱን ባንዱ ላይ ትደርባለች። የቤት ዝንብ እንዲህ አታርፍም። በሜዳ ላይ ለመለየት እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ።

ዕድገት፦ እንቁላል፣ እጭ፣ ፑፓ፣ ጎልማሳ፤ ሙሉ ለውጥ ነው። ልዩነቱ የሚፈጸምበት ቦታ ላይ ነው። እንቁላሉ የሚፈለፈለው በእናቱ ሆድ ውስጥ ነው፤ እጩም እዚያው ሆኖ ከልዩ ዕጢዎች የሚወጣ ወተት እየጠጣ ያድጋል። ከዘጠኝ እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ በክብደት እናቱን ያክላል። ያኔ ጥላ ያለበት ለስላሳ አፈር ላይ ትወልደዋለች። እጩ ወዲያው አፈር ውስጥ ይገባል፤ ቆዳው ይጠቁርና ይጠነክራል፤ ከወር ገደማ በኋላ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። በወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ሥር አፈሩን በወንፊት ቢነፉ ጠቆር ያለ፣ በአንድ ጫፉ ሁለት እብጠት ያለው ትንሽ ቅርፊት ሊያገኙ ይችላሉ፤ የእሷ ነው።

መራባት፦ በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ፣ በዕድሜዋ ሙሉ ከስምንት እስከ አሥር ያህል። ከዚህ ጥያቄ የጀመረ ሰው «አንድ ትወልዳለች፣ ወተት ትመግባለች» ብሎ ከላም ጎን ሊያስቀምጣት ነው።

ይህ ምደባ የደብተር ጨዋታ አይደለም። የወባ ትንኝ በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎች ውሃ ላይ ስለምትጥል ኩሬውን ማፋሰስና እጩን መግደል ይቻላል። የቆላ ዝንብ እጭ ግን በሜዳ ላይ አይመገብ፣ ለሰዓታት እንኳ ገሃድ አይቆይ፤ መድኃኒት የሚረጭበት ቦታ የለም። ስለዚህ ዘመቻው በጎልማሳዋ ላይ ነው፦ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ያለው ወጥመድ መትከል፣ ከብቱ ጀርባ ላይ መድኃኒት ማፍሰስ። ሴቷ ብዙውን ጊዜ የምትገናኘው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኗ ደግሞ ሌላ በር ከፍቷል፤ በጨረር የመከኑ ወንዶችን መልቀቅ። የዛንዚባሯ ኡንጉጃ ደሴት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከቆላ ዝንብ የጸዳችው በዚህ ነው። ኢትዮጵያም ለዚሁ ሥራ አዲስ አበባ ቃሊቲ ላይ የዝንብ ማራቢያና ማምከኛ ማዕከል አቋቁማለች። የቆላ ዝንብ የምትወልደው ጥቂት በመሆኑ ከጎልማሶቹ የሚሞቱት ትንሽ ቢጨምሩ ቁጥሯ ያሽቆለቁላል። ወጥመዱን በቋሚነት መንከባከብ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

ሦስቱን ጥያቄዎች ጨርሰው እንስሳው አሁንም ካልታወቀ ከላይ፣ ከጎንና ከሆዱ በኩል ፎቶ ያንሱ። አከርካሪ ያላቸውን አይግደሉ፤ ፎቶው ይበቃል። ነፍሳት ከሆነ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ውስጥ አኑረው በአቅራቢያ ላለው የግብርና ባለሙያ ወይም ለፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከል ያሳዩ፤ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከተገኘም አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም አለ። ቀኑን፣ የመንደሩን ቁጥር፣ የተገኘበትን ቦታ፣ ውሃ ዳር ይሁን ኩይሳ ወይስ የላም ጆሮ፣ ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ከናሙናው ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ይጨምሩ። በእርሳስ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይለቃል።